ልብስና አለባበስ፦ ለአንድ ጀማሪ ኦዲተር የተሰጠ ምላሽ

«ይድረስ ለምክር ዓምድ አዘጋጅ። ዕድሜዬ 25 ነው። በሒሳብ አያያዝ ትምህርት ተመርቄ ከጎጃም ወደ አዲስ አበባ ከመጣሁ ሰባት ወር የሆነኝ ሲሆን፣ በአንድ የኦዲት ድርጅት ውስጥ በጀማሪ ኦዲተርነት እሠራለሁ። ባለፈው ሳምንት ከአንድ ደንበኛ ቢሮ ስንመለስ አለቃዬ ‹ሥራህ ጥሩ ነው፤ አለባበስህን ግን አስተካክል› አሉኝ። ሌላ ነገር አልጨመሩም። በዚያን ቀን የለበስኩት ጂንስ ሱሪ፣ ንጹሕ ቲሸርትና ስኒከር ነበር። የቤት ኪራይ ከፍዬ፣ ለእናቴም ጥቂት ልኬ በእጄ የሚቀረው ገንዘብ ሙሉ ልብስ አይገዛም። ከባልደረቦቼ አንዱ፣ ሒሳቡን የምንመረምርለት ነጋዴ መርካቶ ውስጥ የልብስ መደብር ስላለው በዱቤ፣ ያውም በቅናሽ፣ ሊሰጠኝ እንደሚችል ነግሮኛል። እኔ ግን ሰው በሥራው እንጂ በልብሱ ለምን ይመዘናል እያልኩ ሳምንቱን ሙሉ ስበሳጭ ሰነበትኩ። ምን ይመክሩኛል?»

ውድ ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ሳነብ ያስደነገጠኝ ጂንሱና ስኒከሩ ሳይሆኑ መጨረሻ ላይ እንደ ቀላል ነገር ጣል ያደረግኸው ዱቤ ነውና፣ ስለ አለባበስ ከመናገሬ በፊት እርሱን ላንሣ። ሒሳቡን ከምትመረምርለት ሰው በዱቤም ሆነ በቅናሽ አንዲት ካልሲ እንኳ አትውሰድ። ኦዲተር የሚቀጠረው ባለ አክሲዮኖች፣ አበዳሪ ባንኮችና ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት የሒሳብ መግለጫውን ሲያነቡ ቃሉን እንዲያምኑት ነው። የሙያው የሥነ ምግባር ደንብም ኦዲተሩ በልቡ ነጻ መሆኑን ብቻ ሳይሆን ለሚያየው ሰው ሁሉ ነጻ ሆኖ መታየቱንም የሚጠይቀው በዚሁ ምክንያት ነው። ነገ የዚያ መደብር የዕቃ ቆጠራ ከመዝገቡ ሳይገጥም ቀርቶ አንተ የጉድለቱን ማስታወሻ ይዘህ ስትቀርብ፣ ነጋዴው የሚመለከተው ወረቀቱን ሳይሆን ከራሱ መደርደሪያ የወረደውን ኮትህን ይሆናል። ባልደረባህ ይህን የነገረህ በቅንነት ሊሆን ይችላል፤ አመስግነው፣ ምክሩን ግን ተወው።

ዱቤውን ያስቀደምኩት ለሌላውም ጥያቄህ መልስ ስላለበት ነው። «ሰው በሥራው እንጂ በልብሱ ለምን ይመዘናል?» ብለሃል። የመረጥከው ሙያ ራሱ መታየትን እንደ ቁም ነገር የሚቆጥር ሙያ መሆኑን አስብ። ሥራህን ለመመዘን ደንበኛው ሳምንታት ያስፈልጉታል፤ የሠራኸውን የሚያየውም ሪፖርቱ ሲደርሰው ነው። ከዚያ በፊት ግን ገና በመጀመሪያው ቀን፣ በዕድሜ እጥፍህ የሚሆኑ የፋይናንስ ኃላፊ ፊት ቆመህ የባንክ መግለጫቸውን፣ የደመወዝ መዝገባቸውን፣ የውል ሰነዶቻቸውን እንዲያስረክቡህ ትጠይቃቸዋለህ። ምሥጢራቸውን ለማያውቁት ልጅ የሚሰጡ ሰው የሚያዩት ምንድን ነው? ፊትህን፣ አነጋገርህንና የለበስከውን ብቻ ነው። «ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል» የሚለውን ተረት ፍትሐዊ ነው ብዬ አልከራከርልህም። በተሳተፍኩባቸው የቅጥር ኮሚቴዎች ውስጥ ተረቱ ስሕተት ሆኖ ያገኘሁበት ጊዜ ብዙ ነው። ይሁንና ሰዎች በመጀመሪያው ቀን የሚፈርዱት በእርሱ ነው፤ አንተም ብትሆን ገንዘብ ለማውጣት ከአንድ የባንክ ገንዘብ ከፋይ ፊት ስትቆም ሸሚዙ የተጨማደደና ቁልፉ የተበጠሰ ሆኖ ብታገኘው ብሩን ደግመህ ሳትቆጥር አትወጣም።

አያቶቻችን ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ብዙዎቹ የነበራቸው አንድ የዘወትር ሸማ፣ ሲሞላላቸው ደግሞ ሁለተኛ የክት ሸማ ነበር። በአንዱ ሸማ ግን የሚናገሩት ብዙ ነበር። ከትልቅ ሰው ፊት የሚቀርብ ሸማውን በወገቡ ላይ ያደገድጋል፤ ዛሬ «አደግድጎ ቆመ» ስንል ስለ ልብስ እየተናገርን መሆናችንን እንኳ ረስተነዋል። ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ መስቀለኛ ያጣፋዋል፣ ሐዘን የደረሰበት ጥለቱን አዘቅዝቆ ይለብሰዋል። ጨርቁ ያው ነው፣ ዋጋውም ያው ነው፤ መልእክቱን የሚለውጠው አለባበሱ ነው። አለቃህ ያሉህ «ልብስህን ቀይር» ሳይሆን «አለባበስህን አስተካክል» መሆኑን ልብ በልልኝ። አንተ ግን ቃሉን በብር ተርጉመህ ሰማኸውና በዚያው ቅጽበት ድህነትህ የተነሣብህ መሰለህ። እኔ እንደምገምተው ነገሩ ሌላ ነው። «ሥራህ ጥሩ ነው» ብሎ የጀመረ አለቃ ወደ ትልልቅ ደንበኞች ሊልክህ እያሰበ ያለ አለቃ ነው።

ግምቴን ይዘህ ግን አትቀመጥ፣ እርሳቸውን ጠይቃቸው። ሰው በሌለበት ጊዜ ቢሯቸው ገብተህ፣ «ባለፈው ስለ አለባበሴ የነገሩኝን አስቤበታለሁ፤ ደንበኛ ዘንድ ስሄድ ምን ዓይነት ልብስ ብለብስ ይመርጣሉ?» ብትላቸው በቂ ነው። ይቅርታ አትለምን፣ የደመወዝህንም ነገር በዚህ ውስጥ አታንሣ፤ እርሱ ራሱን የቻለ ሌላ ውይይት ነው። ሸሚዝና ጨርቅ ሱሪ ይበቃል ሊሉህ ይችላሉ፤ እንዲህ ካሉህ ሳምንቱን ሙሉ ያልገዛኸውን ሙሉ ልብስ ስትሸከም ከርመሃል ማለት ነው።

እኔ ራሴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ስፈልግ የሠራሁትን ስሕተት ላጫውትህ። ለቃለ መጠይቅ ስጠራ ኮት ስላልነበረኝ የአጎቴን ልጅ ኮት ተዋስኩ። እርሱ ረጅምና ሰፊ ትከሻ ያለው ሰው ነበር፤ እጅጌው እስከ ጣቶቼ ወርዶ፣ ትከሻው ከትከሻዬ አልፎ ተንጠልጥሎ ነበር። ጠያቂዎቹ ሲናገሩ እኔ እጅጌዬን እሰበስብ ነበር፤ ሁለት ጥያቄ ሳልሰማ አልፎኝ «ይቅርታ፣ ይድገሙልኝ» አልኩ። ሥራውን አላገኘሁም። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚባለው በእኔ ላይ ደረሰ፤ ያሳፈረኝ ግን ኮቱ የሰው መሆኑን ማንም ስላወቀ አልነበረም፣ ልኬ ባለመሆኑ ምክንያት ሐሳቤን ሁሉ ስለወሰደብኝ ነው። ጥሩ የሥራ ልብስ ጠዋት ለብሰኸው ከወጣህ በኋላ እስከ ማታ የምትረሳው ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሱሪህን ሽቅብ የምትጎትት፣ ኮሌታህን የምታላላ ከሆነ የልብሱ ዋጋ ምንም ያህል ቢሆን አልጠቀመህም።

ስለዚህ ገንዘብህን ከልብሱ ይልቅ በልኩ ላይ አውለው። ይህን የምልህ የልብስ ሰፊ ልጅ ስለሆንኩም ነው። አባቴ ኮት ሊያስጠብብ ለመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያዩለት ትከሻውን ነበር። የኮቱ የትከሻ ስፌት ማለቅ ያለበት የትከሻህ አጥንት በሚያልቅበት ቦታ ላይ ነው። ከዚያ ካለፈ የተዋስከው ይመስላል፤ ካልደረሰ ደግሞ እጅህን ስታነሣ ጀርባህ ላይ ይወጠራል። ወገቡ ሰፊ ቢሆን ይጠባል፣ እጅጌው ቢረዝም ያጥራል፣ የሱሪው ግርጌ ይታጠፋል፤ ለእነዚህ ሰፊው የሚያስከፍልህ ከልብሱ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ትከሻን ማስተካከል ግን ኮቱን ፈትቶ እንደገና መስፋት ስለሆነ አባቴ እንዲህ ያለውን ኮት «ለወንድምህ ስጠው» ብለው ይመልሱት ነበር። ከዚህ የተነሣ፣ አዲስም ይሁን ልባሽ፣ ኮት ስትገዛ ቀለሙንና ማርኩን ከማየትህ በፊት ለብሰህ ትከሻህን ዳስስ፤ ትከሻው ካልገጠመ ነጋዴው በነጻ ቢሰጥህም አትውሰደው።

የቀረውን ልክ እንዲህ ታየዋለህ። እጅህን ወደ ታች ስትለቅ የሸሚዝህ እጅጌ ጫፍ ከኮቱ እጅጌ ሥር አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ብቅ ይበል። የሸሚዙን የላይኛውን ቁልፍ ስትቆልፍ በአንገትህና በኮሌታው መካከል አንድ ወይም ሁለት ጣት መግባት አለበት፤ ሦስት ከገባ ከረባቱ ሲታሰር ኮሌታው እንደ ከረጢት አፍ ይጨማደዳል። ሱሪው ጫማህን ነካ አድርጎ ይቁም እንጂ ቁርጭምጭሚትህ ላይ አይቆለል። ስትቀመጥ እግርህ እንዳይጋለጥ ካልሲህ ረዘም ያለ ይሁን፤ ነጭ የስፖርት ካልሲውን ለኳስ ሜዳ ተወው። ከረባት የምታስር ከሆነ ጫፉ የቀበቶህ ዘለበት ላይ ይረፍ። ባለ ሁለት ቁልፍ ኮት ስትለብስ የታችኛውን ቁልፍ ሳትቆልፈው ተወው፤ ስትቀመጥም የላይኛውን ፍታ።

አንድ ነገር ደግሞ እዚህ ላይ ካልተናገርኩ አያስችለኝም። በአዲስ ኮት እጅጌ ላይ የተሰፋው የጨርቅ ማርክ መደብር ውስጥ ላለ ገዢ የተደረገ ምልክት እንጂ ጌጥ አይደለም፤ ከኋላ ስንጥቁ ላይ በመስቀል ቅርጽ የተወሰወሰው ክርም ኮቱ በጉዞ ላይ ቅርጹን እንዳይለቅ ፋብሪካው ያሰረው ነው። ሁለቱም ኮቱ ከመለበሱ በፊት በምላጭ ይፈታሉ። በሠርግ ቤትም በስብሰባ አዳራሽም ማርኩን ከነክሩ ለብሰው ለዓመታት የሚዞሩ የተከበሩ ሰዎች አያለሁ፤ ልንገራቸው እልና አፍሬ እተዋለሁ። ለአንተ ግን መጻፍ ስለሆነ አላፈርኩም።

የግዢው ቅደም ተከተል ደግሞ እንደ አቅምህ ይሁን። በዚህ ወር ኮት አያስፈልግህም። ሁለት ጨርቅ ሱሪዎች፣ አንዱ ጥቁር ሰማያዊ ሌላው ግራጫ፤ ነጭና ፈዛዛ ሰማያዊ የሆኑ ሦስት ሸሚዞች፤ አንድ ጥቁር የቆዳ ጫማና በቀለም ከእርሱ ጋር የሚሄድ ቀበቶ ካገኘህ ሳምንቱን ሙሉ ያለ ችግር ትሠራለህ። ሁለቱ ሱሪዎች ከሦስቱም ሸሚዞች ጋር ስለሚሄዱ ባለ ብዙ ልብስ ትመስላለህ፤ ሰው የሚያስታውሰው ያሸበረቀውን ሸሚዝ እንጂ ነጩን አይደለም። ኮቱን ለብቻው፣ ጥቁር ሰማያዊውን ቀለም፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ግዛው። ለዚያ የሚሆነውን ገንዘብ በመሥሪያ ቤትህ ወይም በሰፈርህ ትንሽ ዕቁብ ገብተህ ብታጠራቅም ከዱቤው ይሻላል፤ ዕቁብ ሲወጣልህ ገንዘቡ የራስህ ነው፣ ትከሻው ያልገጠመህንም ኮት «አይሆንም» ብለህ ለመመለስ ነጻነት ይኖርሃል። ልባሽ ኮት መግዛት ሊያሳፍርህ አይገባም። ሱፍነት ያለው ልባሽ ኮት ገበሩ ያልተቀደደና ብብቱ ያልተበላ ከሆነ፣ ለሰፊ ከፍለህ ስታስተካክለው ከአዲሱ ፖሊስተር ብዙ ጊዜ ይበልጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ጠዋት ታክሲ ስትጠብቅ ትንቀጠቀጣለህ፣ ቀትር ላይ ፀሐዩ ያቃጥልሃል፤ ሱፍ ሁለቱንም ይችላል፣ ፖሊስተር ግን ብርዱን ሳይከለክል ላቡን ያስቀርብሃል።

ስለ አያያዙ የምነግርህ አንተ የምትኖርበትን ዓይነት ቤት ስለማውቀው ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ተኝቶ፣ እዚያው ወጥ ሠርቶ ለሚኖር ሰው የልብስ ትልቁ ጠላት የሽንኩርት ቁሌት ነው። ጨርቅ ሽታን ይጠጣል፤ ባለቤቱ ስለለመደው አያሸተውም፣ አጠገቡ የተቀመጠው ደንበኛ ግን ትናንት ማታ ምን እንደበላ ያውቅበታል። ኮትህንና ሱሪህን ሰፋ ባለ መስቀያ ላይ ሰቅለህ በአሮጌ አንሶላ ወይም በነጠላ ሸፍናቸው፤ ፕላስቲክ እርጥበት ስለሚያፍን አይሆንም። ወጥ ስታቁላላ በሩን ክፈት፣ ልብሱን ከተቻለ አውጣው። በሽቶ ልሸፍነው አትበል፤ የሽንኩርትና የሽቶ ድብልቅ ከሽንኩርቱ ብቻ ይከፋል። ሱሪ ስትተኩስ ካውያውን በቀጥታ አታሳርፈው፤ በላዩ እርጥብ ስስ ጨርቅ ጣል አድርግበት፣ ያለዚያ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጉልበቱና መቀመጫው እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። ሸሚዞቹን እሑድ ማታ አንድ ላይ ተኩሳቸው፤ መብራት ቢጠፋ ሰኞ ጠዋት አትሸማቀቅም።

ጫማ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ደንበኞችህ ዓይናቸው መጀመሪያ የሚወርደው እዚያ ነውና። ከሰኔ እስከ መስከረም የአዲስ አበባ ጭቃ ማንንም አይምርም። ጫማህ ሲርስ ከከሰል ምድጃ አጠገብ አታስቀምጠው፤ ቆዳው ይደርቅና ይሰነጠቃል። ጋዜጣ ጨምድደህ ውስጡ ክተትና ጥላ ሥር ይደር። የሚቻልህ ከሆነ በጊዜ ሂደት ሁለተኛ ጫማ ጨምረህ አንዱን ቀን አንዱን፣ ሌላውን ቀን ሌላውን አድርግ፤ ቆዳ በአንድ ቀን የጠጣውን የእግር ላብ ለመልቀቅ አንድ ቀን ዕረፍት ይፈልጋል፤ እየተፈራረቁ የተደረጉ ሁለት ጫማዎች የሚያገለግሉት በተከታታይ ከተደረጉ ሁለት ጫማዎች ለሚበልጥ ጊዜ ነው። ጠዋት ከደንበኛው በር ጥቂት እርምጃ ሲቀርህ ሊስትሮ ፈልግ። ቤትህ በር ላይ አስጠርገህ ታክሲ ውስጥ ተረግጠህ ብትወርድ ገንዘቡ ባከነ፤ ይልቅስ ደንበኛህ ደጃፍ ያለውን ልጅ ልመደው፣ የመሥሪያ ቤቱንም ወሬ እግረ መንገድህን ትሰማለህ። (ይህን የመጨረሻውን በኦዲት ማስረጃነት አትመዝግበው።)

ስለ ጸጉር፣ ስለ ጥፍርና ስለ ጥርስ አንተን መምከር አያስፈልገኝም፤ ንጹሕ ሰው መሆንህ ከደብዳቤህ ይታያል። ከረባትም የመሥሪያ ቤትህ ሰዎች የማያስሩ ከሆነ አንተ ብቻህን አትሰር። አለቃህ ሳያስሩ አንተ ብታስር ደንበኛው ጥያቄውን ወደ አንተ ያዞርና ሁለታችሁም ታፍራላችሁ።

በሥራ አግባብ የለበሰ ሰው ማለት የግድ የፈረንጅ ልብስ የለበሰ ማለት ነው ብለህም አትውሰደው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ አስተናጋጆች በሀገር ባህል ቀሚስ መንገደኛ ሲያስተናግዱ ሥራቸውን አላከበሩም የሚል ሰው አይገኝም። በበዓል ዋዜማ ባልደረቦችህ የሀገር ልብስ ሲለብሱ አንተም ከሽሮ ሜዳ የተገዛች ጥለት ያላት ሸሚዝ ብትለብስ ያምርብሃል፤ እርሷም ብትሆን ግን እንደሌላው ትከሻዋ ልክህ ይሁን፣ ትተኮስም።

የሚቀረው ቦታውን መለየት ነው፤ በአንተ ሙያ ደግሞ ቦታው በየሳምንቱ ይለዋወጣል። የባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ስትሄድ ኮቱን ለብሰህ ሂድ። ወደ አነስተኛ ንግድ ቤት ስትሄድ ሸሚዝና ጨርቅ ሱሪው ይበቃሉ፤ አሸብርቀህ ብትገባ ባለቤቱ የምታስከፍለውን ያስብና ይከፋዋል። ወደ ፋብሪካና ወደ መጋዘን ከሆነ ደግሞ ያ ያስወቀሰህ ጂንስ ተገቢ ልብስ የሚሆንበት ቀን ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ በእህል መጋዘን ውስጥ ጆንያ ላይ ወጥተህ የምትቆጥር አንተ ነህ፤ በሱፍ ሱሪና በቆዳ ጫማ የመጣ ጀማሪ ጆንያው ላይ ሊወጣ ያመነታና ከታች ሆኖ በግምት ይቆጥራል፣ የመጋዘን ጠባቂውም ይህን ወዲያው ያውቅበታል። ለዚያ ቀን ጂንሱን፣ እጅጌውን የምትጠቀልለው አሮጌ ሸሚዝና ጠንካራ ቡትስ ጫማ አዘጋጅ። ከቆጠራው በኋላ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ የምትገባ ከሆነ ደግሞ ንጹሑን ሸሚዝ አጥፈህ በቦርሳህ ያዝ፤ በመጋዘኑ መጸዳጃ ቤት ለመለወጥ አምስት ደቂቃ አይፈጅብህም።